ጎረቤት በወር ኪራይ አይገዛም

በአዲስ አበባ አንድ ቃል በወር ኪራይ እየተሸጠ ነው። ቃሉ «ማህበረሰብ» ነው።

ኮዎርኪንግ የምንላቸውን የጋራ የሥራ ቦታዎች ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ፈጣን ዋይፋይ አለን ይላል። ቀጥሎ መብራት ቢጠፋ ጄነሬተር አለን ይላል። ከዚያ ቡናውን፣ ፕሪንተሩን፣ የስብሰባ ክፍሉን ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ «የማህበረሰባችን አባል ይሁኑ» ወይም «ቤተሰባችንን ይቀላቀሉ» የሚል ይታከልበታል። ዋይፋዩ ቢንቀራፈፍ እንቆጣለን። ጄነሬተሩ ባይነሳ ገንዘባችንን መልሱ እንላለን። ማህበረሰቡ ሳይቀርብልን ሲቀር ግን አንድም ሰው ቅሬታ ይዞ ወደ እንግዳ መቀበያው አይሄድም። ለምን? ሲጀመርም እንደማይኖር ስለምናውቅ ነው። ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። ቃሉ ግን ከዋጋው ውስጥ አለ።

እኔ የምቃወመው ይህንን የጋራ ዝምታ ነው። ቦታዎቹ ይዘጉ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሰፈሩን ላጣ የከተማ ሰው ከቀሩት ጥቂት በሮች አንዱ እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ወዳጅነት በአንድ ራውተር ከመጠቀም አይመጣም። ወዳጅነት የሚመጣው አንዱ ለሌላው ግዴታ ሲኖርበት ነው። ግዴታን ደግሞ አከራይ ሊሸጠው አይችልም። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተስማምተው፣ ራሳቸው የሚገቡበት ነገር ነው።

ለመብራት መጥተን

እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ሰው ወደ እነዚህ ቦታዎች የሄደው ጓደኛ ፍለጋ አይደለም። የሄደው መብራትና ኔትወርክ ፍለጋ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ አንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው እንቅልፉን ጭምር ከፈረቃው ሰሌዳ ጋር ያስማማ ነበር። ካፌ ገብቶ በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው የአስተናጋጁን ዓይን ያውቀዋል። በአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከወላጅና ከእህት ወንድም ጋር የሚኖር ወጣት ደግሞ ለውጭ ደንበኛ በቪዲዮ ሲያወራ ከጀርባው ሚጥሚጣ ሲወቀጥ ይሰማል። ስለዚህ ጠረጴዛ ተከራየ። ማንም አይፈርድበትም።

ሐሳቡም ለከተማችን እንግዳ አይደለም። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ልደታ በሚገኘው በሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ሲጀመር፣ ተማሪውና ጀማሪው የፈጠራ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ ቦታዎች ተከፍተዋል። ቁጥራቸው መጨመሩ ጥሩ ነው። ጥያቄው ሰዎቹ እዚያ ከገቡ በኋላ ምን ሆኑ የሚለው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የትኛውም ጄነሬተር ማንንም አላዳነም። ለዋይፋይ ብቻ የተሰበሰበ ሰው ዋይፋዩ ሲጠፋ ለመሰብሰብ ምንም ምክንያት እንዳልነበረው ታየ። ሁሉም ላፕቶፑን ይዞ ወደየቤቱ ገባ። በዚያው ጊዜ የሰፈር እድሮች ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ለእድር ኔትወርክ አያስፈልገውማ!

ሰፈሩ ወዴት ሄደ?

ስለ ወዳጅነት ሲነሳ «እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ ማህበራዊ ሕዝብ ነን» የሚል አለ። በዚህ አባባል ተኝተን ብዙ ነገር አምልጦናል። ማህበራዊነት በደም የሚወረስ አይደለም። በር ለበር ተያይቶ ከመኖር፣ አንድ ቧንቧ ከመጠቀም፣ በአንድ ጀበና ዙሪያ ከመቀመጥ የመጣ ነው። በሩ፣ ቧንቧውና ጀበናው ሲነሱ ማህበራዊነቱም ይነሳል።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሰው ባለቤት አድርጓል። ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ «ጎረቤትህ ማን ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሴቶች አንዷ ጀሞ፣ አንዷ የካ አባዶ ተመደቡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጀመሪያ ፒያሳን፣ ቀጥሎ ካዛንቺስን ሲያነሳ፣ ነባሩ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተሸኘ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ሌላ ቀን እንከራከርበታለን። ለዛሬው ነገራችን አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቤት ሲፈርስ ካሳ ይሰላል፣ ቦታ ሲነሳ ምትክ ይሰጣል፣ ለፈረሰ ጉርብትና ግን ቅጽ የለውም።

ስለዚህ ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው የከተማ ልጅ ሲነሳ ጎረቤቱን አያውቅም፣ ሥራው ቢሮ የለውም፣ አለቃው በሌላ አህጉር ነው። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ከሰው ጋር የሚያሳልፍበት ብቸኛ ቦታ ያቺ የተከራያት ጠረጴዛ ናት። እዚያም ጆሮውን በሄድፎን ደፍኖ ይውላል። በከተማችን ብቸኝነት የሚባለው ነገር ይህን መልክ ይዟል፤ በሰው ተከቦ፣ በጥሩ ኢንተርኔት።

«እኛ» በ5.9 ሚሊዮን ዶላር

ኮዎርኪንግ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2005 ብራድ ኒውበርግ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚሠራ ቦታ ከፈተ። የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር። ተቀጥሮ ሲሠራ ነጻነት አጣ፤ ለብቻው ሲሠራ ሰው አጣ። ሁለቱን ለማስታረቅ ነበር ሙከራው። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣለትም። ያም ሆኖ ቦታውን የገነባው አብሮ ምሳ በመብላት፣ አብሮ እረፍት በመውጣትና በተወሰነ ሰዓት በመዝጋት ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡45 ሲሆን ይዘጋል። ሥራ አለብኝ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥ የለም። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ኮዎርኪንግ ሕግ ነበረው። ምሳው የሕጉ አካል ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ዊወርክ ተመሠረተ። ያው ሐሳብ በትልቅ ገንዘብ መጣ። ሕንፃ በረጅም ኮንትራት ይከራያል፣ ከፋፍሎ በወር ያከራያል፣ በላዩ ላይ «ማህበረሰብ» የሚል ቀለም ይቀባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የኩባንያው ዋጋ 47 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። በዚያው ዓመት አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ላይ ዓላማው የዓለምን ንቃተ ኅሊና ከፍ ማድረግ ነው ብሎ ጻፈ። ጠረጴዛ አከራይ ነው ይህን የጻፈው።

ከሰነዱ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። ኩባንያው «ዊ» የሚለውን ስም፣ በአማርኛ «እኛ» ማለት ነው፣ ለመጠቀም የራሱ መሥራቾች ለሚመሩት ሌላ ድርጅት 5.9 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ከፍሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ገንዘቡ ተመለሰ። የአክሲዮን ሽያጩም በመስከረም ተሰረዘ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አዳም ኑማንም ከሥልጣኑ ወረደ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ዊወርክ የወደቀው በብዙ ምክንያት ነው፤ የረጅም ጊዜ ኪራይ፣ ዕዳ፣ ኮሮና። «ማህበረሰብን ስለሸጠ እግዚአብሔር ቀጣው» ብዬ ተረት አልተርትም። ግን «እኛ» የሚለው ቃል ባለቤት ወጥቶለት፣ ዋጋ ተተምኖለት፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት ማየት ትምህርት ነው። «እኛ» ማለት አንድ ሰው ሊያከራየው የሚችል ነገር ከሆነ፣ ተከራዩ ሲወጣ «እኛ» የሚባለው አብሮት አይወጣም። ከአከራዩ ጋር ይቀራል።

መቀራረብ ብቻውን

«ሰዎች አንድ ቦታ ከተቀመጡ መግባባታቸው አይቀርም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የኤምአይቲ ተማሪዎች መኖሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ ተመልክተዋል። በአንድ ወለል ላይ በራቸው አጠገብ ለአጠገብ ከሆነ ሰዎች ውስጥ 41 ከመቶ የቅርብ ወዳጅ ተባባሉ። አንድ በር በመካከል ሲገባ 22 ከመቶ ሆነ። በኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ላሉት 10 ከመቶ ብቻ ቀረ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉ እናቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ በሩ ቋሚ ነበር። ያው ሰው በየቀኑ ከዚያው በር ይወጣ ነበር። አብዛኞቹ የጋራ የሥራ ቦታዎች ደግሞ ርካሹን ክፍያ ለከፈለ ሰው ቋሚ ወንበር አይሰጡም። ዛሬ መስኮት ሥር፣ ነገ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከነገ ወዲያ ፎቅ ላይ። በየቀኑ በሩ የሚቀየር ሰው ጎረቤት የለውም።

ሌላው ግማሽ ደግሞ የባሰ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በርንስታይንና ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ግድግዳቸውን አፍርሰው ክፍት ቢሮ ባደረጉ ድርጅቶች ውስጥ ሠራተኞች ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት መጠን በ70 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ሰው ግድግዳ ሲነሳበት ሌላ ግድግዳ ይሠራል። ሄድፎን ግድግዳ ነው። አጠገብህ ላለ ሰው በቴሌግራም መጻፍም ግድግዳ ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በዚያው ዓመት ወዳጅነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስልቷል። ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 በላይ። በወር 160 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ የምንውል ሰዎች በዚህ ስሌት በሁለት ወር የልብ ወዳጅ መሆን ነበረብን። አልሆንንም። ምክንያቱን ራሱ ሆል ነግሮናል፤ ሥራ እየሠሩ አብሮ የማሳለፍ ሰዓት እምብዛም አይቆጠርም። የሚቆጠረው አብሮ መብላት፣ አብሮ መሳቅ፣ ስለ ኑሮ መጨዋወት ነው። ማለትም እኛ ክፍሉ ውስጥ የማናደርጋቸው ነገሮች ሁሉ።

አሥራ ሰባት ቀን

አንድ የማውቀው የጋራ የሥራ ቦታ አለ፤ ስሙ አያስፈልግም። እዚያ ስምንት ወር ያህል ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራ ልጅ ነበር። ለውጭ ድርጅት የሒሳብ ሥራ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። እናቱ ደሴ አረፉበት። ሄደ፣ ቀበረ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ተመለሰ። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል። በአሥራ ሰባቱ ቀን ውስጥ ከዚያ «ማህበረሰብ» የደረሰው አንድ መልእክት ብቻ ነበር። የወሩ ክፍያ ቀን እንዳለፈ የሚያስታውስ።

ሲመለስ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ገባ። ከአጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ሄድፎኑን በአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ «እረፍት ወጥተህ ነበር እንዴ?» አለው። ልጁ «አዎ» ብሎ ተቀመጠ። «የት ጠፋህ ልጄ? ማን ሞተብህ?» ብለው ስኒውን አስቀምጠው እጁን የያዙት ቡና የሚያፈሉት እናት ብቻ ነበሩ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ከነገረኝ ሁሉ ያልረሳሁት ደግሞ ይህን ነው፦ «መልእክቱ አላናደደኝም። ቢያንስ መቅረቴን ያወቀ ሰው እንዳለ ነገረኝ።»

የዚያ ቦታ ግድግዳ ላይ የአባላት ፎቶ በረድፍ ተሰቅሏል። ከላዩ «ማህበረሰባችን» ይላል። የእኚያ እናት ፎቶ እዚያ የለም። በሩ ላይ የሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኛም የሉም። የሁሉንም ስም፣ የሁሉንም የመግቢያ ሰዓት፣ ማን እንደታመመና ማን እንደከፋው የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች ማህበረሰብ አይደሉም፤ ደመወዝተኛ ናቸው። ክፍያ የሚከፍለውና የማንንም ስም የማያውቀው ነው «ማህበረሰቡ»። ከዚህ በላይ ቃል እንዴት ይገለበጣል?

እድር የማን ፈጠራ ነው?

እድር ከቅድመ አያት ጀምሮ የነበረ፣ ገጠር የተወለደ፣ ለሽማግሌ የተተወ ነገር ይመስለናል። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች፣ አሉላ ፓንክረስትን ጨምሮ፣ የሚነግሩን ሌላ ነው። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ከየአገሩ ለሥራ ወደ ከተማ በመጡ ሰዎች መካከል ነው። አገር ቤት የሞተን ሰው ዘመድ ይቀብረዋል። ከተማ የመጣ ሰው ግን ዘመድ የለውም። «እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ የተጨነቀ እንግዳ፣ እንደሱ ከተጨነቀ ሌላ እንግዳ ጋር ተስማማ። «እኔ አንተን፣ አንተ እኔን» ተባባሉ። ጸሐፊ መረጡ፣ ገንዘብ ያዥ መረጡ፣ ድንኳን ገዙ፣ ጥሩምባ ነፊ ቀጠሩ፣ ሳይመጣ የቀረን መቅጣት ጀመሩ።

እንግዲህ እድር ማለት ይህ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ከተማ ውስጥ የሠሩት ስታርታፕ ነው ብትሉም አልጣላችሁም። ፍቅር ኖሯቸው አልነበረም የጀመሩት፤ ፍርሃት ኖሯቸው ነው። ፍቅሩ የመጣው ከድንኳኑ በኋላ ነው። አብሮ ወንበር ሲሸከም፣ አብሮ ሌሊት ሲያድር፣ ከሟች ልጅ ጋር አብሮ ሲያለቅስ። ግዴታው መጀመሪያ፣ ወዳጅነቱ ቀጥሎ።

እኛ ደግሞ ገልብጠነዋል። መጀመሪያ «እንዋደድ»፣ ግዴታ ግን አይኑር እንላለን። ዓርብ ማታ ሙዚቃ ተከፍቶ «የመተዋወቂያ ምሽት» ይዘጋጃል። ሰው የሥራ መታወቂያ ካርዱን ይለዋወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰኞ ሄድፎኑን ያደርጋል። ለማን ምን ዕዳ አለበት? ምንም። ዕዳ የሌለበት ሰው ነጻ ነው፤ ብቻውንም ነው።

«ግን እኮ...»

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ ቀላል አድርጌም አላያቸውም።

«እኔ ከሰፈር ሐሜት ሸሽቼ ነው የመጣሁት» የምትል አለች። እውነቷን ነው። «መቼ ነው የምታገቢው? ደመወዝሽ ስንት ነው? ማታ ያደረሰሽ ማን ነው?» የሚል ጎረቤት ጉርብትናን ራሱን ያስጠላል። ግን ሐሜትና እድር አንድ አይደሉም። ሐሜት ወሰን የለውም፤ እድር ግን መተዳደሪያ ደንብ አለው። ምን እንደምታዋጪ፣ መቼ እንደምትመጪ፣ ባትመጪ ስንት እንደምትቀጪ ተጽፏል። ከዚያ ውጭ ያለው ኑሮሽ የራስሽ ነው። ጣልቃ ገብነትን የሚከላከለው ልቅ ዝምታ አይደለም፤ የተጻፈ ወሰን ነው።

«ሥራዬን ልሥራበት፤ ጊዜ የለኝም» የሚል አለ። በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የምጠይቀው። ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ ስልክ ላይ እየጠፋ ነው።

«እድር የሃይማኖትና የሰፈር ጉዳይ ነው» የሚል አለ። የሰፈር እድር ብዙውን ጊዜ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። በጾም ጊዜ የጾም ይቀርባል። ረመዳን ላይ የቡናው ሰዓት ወደ ማፍጠሪያ ይዛወራል። ይህን ለመፍታት ኮሚቴ እንኳን አያስፈልግም፤ መጠየቅ ይበቃል።

አራተኛውን ተቃውሞ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ግን ክፍሉን ሁሉ የሞላው እሱ ነው። «በዚህ ዘመን ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም።» ያለፉት ዓመታት ስም መጠየቅን ከባድ አድርገውብናል። «አገርህ የት ነው?» የሚለው የጥንት የመግባቢያ ጥያቄ ዛሬ እንደ ምርመራ ይሰማል። ስለ ጦርነቱ አንስቶ አንድ ቃል የሳተ ሰው ወዳጁን ያጣል። ስለዚህ ዝም እንላለን፤ ሄድፎኑ የሚከልለው ጫጫታን ብቻ አይደለም። ይህን ፍርሃት የማያውቅ አዲስ አበባ ውስጥ አልኖረም።

ግን ደግሞ አስቡት። ከየአቅጣጫው የመጡ፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በምርጫ የማይስማሙ ሰዎች በፈቃዳቸው በየቀኑ አንድ ክፍል የሚውሉበት ስንት ቦታ ቀርቶናል? እዚያም ካልተነጋገርን የት ልንነጋገር ነው? ከፖለቲካ እንጀምር አላልኩም። የአጠገብህን ሰው እናት ሞት በመጠየቅ እንጀምር። ለቅሶ የደረሰልህን ሰው በብሔሩ ብቻ ማየት ይከብድሃል። እድሮቻችን ለብዙ ዓመታት የሠሩት ትልቁ የፖለቲካ ሥራ ይህ ነበር፤ ያውም ፖለቲካ ሳይሉት።

ምን ይደረግ?

የጋራ የሥራ ቦታ ላላችሁ ነጋዴዎች የምለው አጭር ነው። ነጋዴ መሆን ነውር አይደለም። ጠረጴዛ፣ ዋይፋይና ጄነሬተር ሽጡ፤ በደንብ ሽጡ። «ማህበረሰብ» የሚለውን ቃል ግን ወይ አንሱት፣ ወይ ቦታ ልቀቁለት። ቦታ መልቀቅ ማለት አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ወር ሙሉ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ቋሚ ወንበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፈቀቅ በሉ። ዝግጅት አታዘጋጁልን፤ ራሳችን እናዘጋጃለን።

ለተከራዮች ግን ረዘም ያለ ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ስም ይጻፍ። አንድ ደብተር ይገዛ። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ስልክ፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቤተሰብ ስልክ ይመዝገብ። ደብተሩን አከራዩ ሳይሆን ከተከራዮች የተመረጠ ጸሐፊ ይያዘው። ሳይናገር ሦስት ቀን የቀረ ሰው ይደወልለት። ይህ ብቻ ቢሠራ ያ ልጅ አሥራ ሰባት ቀን ብቻውን አይሆንም ነበር።

ሁለተኛ፣ ቡና በተራ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአሥር ሰዓት፣ ላፕቶፕ ተዘግቶ። ተረኛው ቆሎውን ወይም ዳቦውን ያመጣል። ዋናው ነገር ቡናው አይደለም፤ ተራው ነው። ተራ ያለበት ሰው መምጣት አለበት። ሌሎችም እሱን ይጠብቃሉ። የሚጠበቅ ሰው መሆንን ብዙዎቻችን ረስተነዋል።

ሦስተኛ፣ ትንሽ መዋጮ ይኑር። ለለቅሶ፣ ለወለደች፣ ለታመመ። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብትሆን እንኳ በወር ትሰብሰብ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጥ፣ በየሦስት ወሩ ሒሳብ ይነበብ። እቁብ ለመጣል ግን አትቸኩሉ። እቁብ ዋስ ይፈልጋል፣ ዋስ ደግሞ መተማመን ይፈልጋል። ግማሽ ዓመት አብራችሁ ለቅሶ ከደረሳችሁ በኋላ እቁቡ ራሱ ይመጣል።

አራተኛ፣ ቡና የሚያፈሉት እናት፣ ጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው አባል ይሁኑ። መዋጮው በአቅም ይሁን፣ ድምፃቸው ግን እኩል። የሰውን ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ያላካተተ ማህበር ያለ ጥሩምባ ነፊ የተቋቋመ እድር ነው።

አምስተኛ፣ ቅጣት ይኑር። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣ፣ ትንሽም ቢሆን። ቅጣት የጭካኔ ምልክት አይደለም። «አንተ ስትቀር እኛ ጎድለናል» የሚል የአማርኛ አነጋገር ነው።

ስድስተኛ፣ ኪራይ ሲጨምር፣ የመዝጊያ ሰዓት ሲቀየር፣ ቡና የሚያፈሉት ሠራተኛ ሊሰናበቱ ሲሉ ማህበሩ አንድ ላይ ይናገር። አከራይ አንድ ሰው ሲያኮርፍ አይሰማም። አርባ ሰው ደብተር ይዞ ሲመጣ ይሰማል። ያኔ ነው «እኛ» የሚለው ቃል ከግድግዳው ላይ ወርዶ በሰው አፍ የሚገባው። ቦታው ቢዘጋ እንኳ፣ ባለቤቱ ቢከስር እንኳ፣ ደብተሩን ይዘን ሌላ ጣሪያ ሥር እንሄዳለን። ዊወርክ ሲወድቅ ለተከራዮቹ ያልቀረላቸው ነገር ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ፈቃድ፣ ስፖንሰር፣ የውጭ ድጋፍ አይጠይቅም። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና መጀመሪያ አፉን የሚከፍት አንድ ሰው ይበቃል። ከመቶ ዓመት በፊት ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከወለጋ መጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም የማያውቅ፣ ኮምፒዩተር ያላየ፣ ብዙ ጊዜም ማንበብ የማይችል ሰው ከተቻለው፣ በሦስት ቋንቋ ኮድ ለሚጽፍ ትውልድ አልተቻለም ማለት ያሳፍራል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ገብታችሁ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት በግራና በቀኝ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ። የአባታቸውን ስም ታውቃላችሁ? ለሦስት ቀን ቢቀሩ የምትደውሉበት ስልክ አላችሁ? ከሌላችሁ፣ ዋይፋዩ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ገና አልተገናኛችሁም።